አፍንጫ ውስጥ የበቀለ ሥጋ ቢወጣ ተመልሶ ይበቅላል?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። 43 ዓመቴ ነው፤ የሁለት ልጆች እናት ነኝ፤ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። አፍንጫዬ መደፈን ከጀመረ አራት ዓመት ሊሆነው ነው። መጀመሪያ ጉንፋን፣ ከዚያ አለርጂ፣ ከዚያ ሳይነስ ተባልኩ። ሽታ የሚባል ነገር ከጠፋብኝ ሁለት ዓመት አልፏል፤ ወጥ ሲያርብኝ የሚነግሩኝ ልጆቼ ናቸው። አስምም አለብኝ። በቅርቡ አንገት በላይ ሐኪም ጋ ሄጄ በካሜራ ታየሁ፣ ሲቲ ስካንም ተነሣሁ። በሁለቱም በኩል ፖሊፕ አለ፣ በቀዶ ጥገና ይውጣ ተባልኩ። ጎረቤቴ ግን ሁለት ጊዜ ወጥቶለት ሁለቴም ተመልሶበታል። ፊቴ ይቀደዳል? በጣም ያማል? ተመልሶ የሚመጣ ከሆነስ ለምን እሠቃያለሁ?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ። ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልጀምር፤ ሌላው ሁሉ እሱ ላይ የተንጠለጠለ ነው። አዎ፣ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል። “አንዴ ከወጣ በቃ፣ አለቀ” ያለዎት ሰው ካለ ወይ አላወቀም፣ ወይ ሊያጽናናዎት ፈልጎ ነው። ግን “ይመለሳል” ማለት “አይጠቅምም” ማለት አይደለም። ጎረቤትዎ ላይ ምን እንደደረሰም መገመት እችላለሁ፤ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ስለ “ሥጋው”። እኛ አገር ፖሊፕን “አፍንጫ ውስጥ የበቀለ ሥጋ” እንለዋለን። ስሙ ያሳስታል። ሥር ያለው፣ ከነሥሩ ከተነቀለ የሚገላገሉት ነገር ያስመስለዋል። ፖሊፕ እንደዚያ አይደለም። የአፍንጫና የሳይነስ (በአፍንጫ ዙሪያ አጥንት ውስጥ ያሉት አየር የያዙ ክፍተቶች) ውስጠኛ ሽፋን ለረዥም ጊዜ ተቆጥቶ፣ ውኃ ቋጥሮ ሲያብጥና ሲንጠለጠል ነው ፖሊፕ የሚሆነው። በካሜራ ሲታይ ልጣጩ የተላጠ የወይን ፍሬ ይመስላል። ገርጣ ያለ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ለስላሳ ነው። ቢነካም አያምም። አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው በሁለቱ ዓይኖች መካከል ካሉት ትንንሽ የሳይነስ ክፍሎች ነው። እነሱ ደግሞ ልክ እንደ ማር እንጀራ ብዙ ጎጆ ያላቸው ናቸው። ስለዚህ በሽታው ያለው የሚታየው ፍሬ ላይ ብቻ ሳይሆን ሽፋኑ ላይ ነው። ሽፋኑን ደግሞ አውጥተን አንጥለውም፤ ያስፈልግዎታል።

አልጠየቁኝም እንጂ ብዙ ሰው በልቡ የሚይዘው ሌላ ጥያቄ አለ፤ ካንሰር ይሆን? በሁለቱም በኩል ያለ፣ ገርጣ ያለ፣ የማያምም ፖሊፕ ካንሰር የመሆን ዕድሉ በጣም ትንሽ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ በአንድ በኩል ብቻ ሲሆን፣ በተለይም ሲደማ፣ ወይም ፊትን ሲያደነዝዝ ነው። ያ ሌላ ታሪክ ነው፤ ቀጠሮ አይሰጠውም። የእርስዎ በሁለቱም ወገን ስለሆነ ደህና ነው። ቢሆንም የሚወጣው ሁሉ ወደ ፓቶሎጂ፣ ማለትም ሥጋው በማይክሮስኮፕ ወደሚመረመርበት ላቦራቶሪ፣ መላክ አለበት። “አያስፈልግም፣ ፖሊፕ መሆኑ ይታያል” ከተባሉ እሺ አይበሉ።

አሁን አስም አለብኝ ያሉትን ቆም ብዬ ነው ያነበብኩት። ፖሊፕና አስም አብረው መኖር ይወዳሉ። አንዳንድ ሰው ላይ ሦስተኛ ጓደኛም ይጨመራል። አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ የተባሉትን የሕመም ማስታገሻዎች ሲወስዱ ደረት ይጨንቃል፣ አፍንጫ ድፍን ይላል፣ ፊት ይቀላል። ይህን ሦስትዮሽ ፈረንሳዮች በ1922 ዓ.ም. በፈረንጆች አቆጣጠር ጽፈውታል፤ ዛሬ ግን ብዙው ሐኪም የሚያውቀው በኋላ በመጣው ሳምተር በሚባል ሐኪም ስም ነው። እና እጠይቅዎታለሁ፦ የራስ ምታት ክኒን ወስደው፣ ወይም ለወገብ መርፌ ተወግተው፣ በአንድ ሁለት ሰዓት ውስጥ ትንፋሽ አጥሮዎት ያውቃል? ካወቀ ለቀዶ ሐኪሙም፣ ሰመመን ለሚሰጠውም፣ ለሲስተሯም ይንገሩ። ካርድዎ ላይ በትልቁ ይጻፍ። እኛ ጋ ከኦፕራሲዮን በኋላ “ሕመም አለ” ሲባል እጅ ቶሎ የሚሄደው ወደ ዳይክሎፌናክ መርፌ ነው። ለእርስዎ ዓይነቱ ሰው ያ መርፌ ከኦፕራሲዮኑ የባሰ አደጋ ሊሆን ይችላል። ለብዙዎቹ እንዲህ ላሉ ታካሚዎች ፓራሲታሞል በተለመደው መጠን ይስማማል።

ወደ ቀዶ ጥገና ከመሄድዎ በፊት አንድ ነገር ያጣሩ። መድኃኒቱን በትክክል ሞክረዋል? “ስፕሬይ ተጠቅሜ አልረዳኝም” የሚለኝን ሰው ጠርሙሱን አምጣ ስለው፣ ግማሹ ይዞ የሚመጣው አፍንጫን ወዲያው የሚከፍተውን ጠብታ ነው፤ እነ ዛይሎሜታዞሊንን። እሱ ፖሊፕን አያሟሽሽም። ከጥቂት ቀናት በላይ ሲወሰድ ጭራሽ ራሱ መድፈን ይጀምራል። ሥራውን የሚሠራው የስቴሮይድ ስፕሬይ ነው፤ ሞሜታሶን፣ ፍሉቲካሶን፣ ቡዴሶናይድ የሚባሉት። እነሱ ወዲያው አይከፍቱም። በየቀኑ፣ ከጨው ውኃ እጥበት ጋር፣ ሁለት ሦስት ወር ይፈልጋሉ። “ስቴሮይድ ያወፍራል” ብለው የሚፈሩ አሉ። ከስፕሬዩ ወደ ደም የሚገባው በጣም ጥቂት ነው። የሚያወፍረውና ስኳር ከፍ የሚያደርገው ለረዥም ጊዜ የሚወሰደው ክኒኑ ነው።

ጤና አዳም፣ ዳማከሴ፣ በጨርቅ የተቋጠረ ጥቁር አዝሙድ? ማሽተቱን አልቃወምም። እናቴም ታደርግልን ነበር። ለአፍታ የተከፈተ ያህል ይሰማል እንጂ ፖሊፑ እንዳለ ነው። ጨምቆ ወደ ውስጥ ማንጠባጠብ፣ ወይም “ሥጋውን ያቃጥላል” የሚባል ነገር ማስገባት ግን ተዉ። የሚያቃጥለው ፖሊፑን ለይቶ አይደለም።

ይህን ሁሉ በደንብ ሞክረው ካልሆነ፣ ሽታ ከጠፋ ሁለት ዓመት ላለፈው ሰው ቀዶ ጥገናው ተገቢ ምክር ነው።

ፊትዎ አይቀደድም። ስፌትም ጠባሳም የለም። ሁሉም ነገር የሚሠራው በአፍንጫ ቀዳዳ ነው። ውፍረቱ 4 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ኢንዶስኮፕ፣ ማለትም ውስጡን በካሜራ የሚያሳይ ቀጭን ዘንግ፣ ይገባል፤ ሐኪሙ የሚያየው ስክሪን ላይ ነው። ድሮ እንዲህ አልነበረም። ሂፖክራተስ ስፖንጅ በክር አስሮ በአፍንጫ አስገብቶ በአፍ በኩል እየጎተተ ፖሊፕ ያወጣ ነበር ይባላል። ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዘመን ሥራው በሽቦ ማነቆና በመቆንጠጫ ነበር፤ የታየውን ይዞ መሳብ። ለውጡ የመጣው በ1970ዎቹ፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ ኦስትሪያ ግራዝ ውስጥ ሜሰርክሊንገር የተባለ ሐኪም የሳይነስን አሠራር በኢንዶስኮፕ ቁጭ ብሎ ከተከታተለ በኋላ ነው። ያየው ነገር ቀላል ይመስላል። ሳይነስ ንፍጡን ዝም ብሎ አያፈስም። በዓይን የማይታዩ ፀጉሮች ንፍጡን እየገፉ ወደ አንዲት የተፈጥሮ በር ይወስዱታል። ሌላ ቦታ ትልቅ ቀዳዳ ቢበሱለት እንኳ ወደዚያችው በር ነው የሚሄደው። ስለዚህ ቀዳዳ ከመብሳት የተደፈነችውን በር መክፈት ይሻላል። ዛሬ የምንሠራው ቀዶ ጥገና ከዚህ ሐሳብ የመጣ ነው።

ጎረቤትዎ ጋ እንመለስ። ፋይሉን አላየሁም። ግን ብዙ ጊዜ የማየው እንዲህ ነው፦ የሚታየው ፍሬ ብቻ ተጎትቶ ይወጣል፣ የማር እንጀራው ጎጆዎች እንዳሉ ይቀራሉ፣ ሰውየው መተንፈስ ስለቻለ ደስ ብሎት ቤቱ ይገባል፣ ስፕሬይ አይወስድም፣ ክትትል አይመጣም። በዓመቱ ተመልሶ ይደፈናል። እንዲህ ስል በደንብ የተሠራውም አይመለስም እያልኩ አይደለም። ቤልጂየም ጌንት ውስጥ 38 ታካሚዎችን ከቀዶ ጥገና በኋላ እስከ 12 ዓመት የተከታተለ ጥናት አለ። ከ10 ሰው ወደ 8ቱ ላይ ፖሊፕ ተመልሷል። ዳግም ቀዶ ጥገና ያስፈለገው ግን ከሲሶው ትንሽ የሚበልጠው ነው። የቀሩት በካሜራ ሲታዩ ትንሽ ነገር ቢኖርባቸውም ኑሯቸውን ይኖራሉ። አስም ያለበት፣ ከዚያም በላይ አስፕሪን የማይስማማው ሰው የመመለስ ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። ይህን አስቀድመው ይወቁት።

ታዲያ ለምን እንሠራለን? ዛሬ ስፕሬይ ቢረጩ መድኃኒቱ የሚያርፈው ደጅ ላይ ባለው ፖሊፕ ነው። ወደ በሽታው ቤት አይገባም። ሲከፈት መድኃኒቱም የጨው ውኃውም ሳይነሱ ድረስ ይደርሳሉ። ለእኔ የኦፕራሲዮኑ ትልቁ ጥቅም ይሄ ነው። ስለዚህ “ከተሠራሁ በኋላ ስፕሬዩን አቆማለሁ” ብለው አስበው ከሆነ፣ ከወዲሁ ሐሳብዎን ይቀይሩ። ምናልባት ለዓመታት አብሮዎት ይኖራል። እንደ ጥርስ ብሩሽ ይቁጠሩት።

ዝግጅቱ። ብዙ ጊዜ ከቀዶ ጥገናው በፊት ለጥቂት ቀናት ፕሬድኒሶሎን ክኒን ይታዘዛል፤ ፖሊፑን ያሟሽሻል፣ መድማትም ይቀንሳል። ስኳር፣ ደም ግፊት፣ የጨጓራ ቁስለት፣ ወይም ቲቢ ታመው የሚያውቁ ከሆነ ክኒኑን ከመጀመርዎ በፊት ይናገሩ። ክኒኑ ጠዋት ከምግብ በኋላ ነው የሚወሰደው። ጾመኛ ከሆኑም ይንገሩን። ከ9 ሰዓት በኋላ በልተው ማታ ላይ የሚውጡት ታካሚዎች አሉኝ፤ ከዚያ ሌሊቱን ሙሉ ዓይናቸው አይከደንም፤ ጥፋቱን በኦፕራሲዮን ፍርሃት ያሳብባሉ። አይቡፕሮፌንና መሰሎቹን፣ በብዛት የሚወሰድ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብልን ከሳምንት በፊት ያቁሙ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት በሐኪም የታዘዘልዎት ከሆነ ግን በራስዎ እንዳያቆሙ። ጫት ወይም ሲጋራ ካለ ሳያፍሩ ይናገሩ፤ ሰመመን ሰጪው የሚጠይቅዎት ሊፈርድብዎት አይደለም፣ ልብና ግፊት ላይ ስለሚሠራ ነው። አስምዎ ደግሞ በዚያ ሳምንት ጸጥ ያለ መሆን አለበት። ሲያፏጭ ከመጡ ቀኑን እናዘዋውራለን።

የሲቲ ስካኑን ነገር “ፖሊፕ መኖሩ ከታወቀ ለምን?” የሚሉ አሉ። ሲቲው ለእኛ ካርታ ነው። የምንሠራበት ቦታ ጣሪያው አንጎል፣ ግድግዳው ዓይን ነው። የዓይን በኩሉ ግድግዳ በጣም ስስ ከመሆኑ የተነሣ የላቲን ስሙ ራሱ “ወረቀት መሰል” ማለት ነው። የአንዱ ሰው ጣሪያ ከሌላው ይለያል። ያለ ሲቲ ለመሥራት የሚነሣ ሐኪም ካጋጠመዎት ሌላ ሐኪም ይፈልጉ።

በዕለቱ ሙሉ በሙሉ ተኝተው ነው የሚሠራው። ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ይፈጃል። ማይክሮዲብራይደር የሚባል፣ እየሳበ የሚላጭ መሣሪያ ፖሊፑን ያነሣል፤ ከዚያ የሳይነሶቹ በሮች ይከፈታሉ። ሲነቁ ጉሮሮዎ ይከረክርዎታል፤ የመተንፈሻ ቱቦው ነው። የዋጡት ደም ሆድዎ ውስጥ ስላለ አንዴ ጠቆር ያለ ነገር ቢያስታውክዎት አይደንግጡ። አንዳንዱ ሰው በዚያው ቀን፣ አንዳንዱ አንድ ሌሊት አድሮ ይወጣል። አስም ስላለብዎት ማደሩ ይሻልዎታል ባይ ነኝ።

ሕመሙ? ሰው ከሚፈራው ያነሰ ነው። የባሰ ጉንፋን ይዞት ግንባሩ የከበደው ሰው ስሜት ነው። ለብዙዎቹ ፓራሲታሞል ይበቃል። የሚያስቸግረው አፍንጫ ውስጥ የሚታሸገው ነገር ነው፤ ከታሸገ። አንዳንዱ ሐኪም ራሱ የሚሟሟ ይጠቀማል፣ አንዳንዱም ምንም አያደርግም። ጎዝ ወይም ስፖንጅ ከሆነ አንድ ሁለት ቀን ይቆያል። በአፍ እየተነፈሱ መተኛት ነው፤ አፍ ይደርቃል፣ ሲውጡ ጆሮ ይደፈናል። ሲወጣ ደግሞ እውነቱን ልንገርዎት፣ ደስ አይልም። እንባ ይመጣል። “አንጎሌ አብሮ የወጣ መሰለኝ” ያለኝ ሰው አለ። ግን የሰከንዶች ጉዳይ ነው። ከመውጣቱ ግማሽ ሰዓት በፊት ማስታገሻ ይጠይቁ፤ ባዶ ሆድዎን አይሁኑ።

ከዚያ ሁለት ሳምንት ያህል ይበልጥ የተደፈኑ ሊመስልዎት ይችላል። ብዙ ሰው የሚያዝነው እዚህ ጋ ነው፤ “ተሠርቼም ያው ነኝ” ይላል። የሚደፍነው እብጠቱና የደረቀ ደም ነው። የአዲስ አበባ አየር፣ በተለይ በበጋ፣ ደረቅ ስለሆነ ቅርፊቱ ይበረታል። ሐኪምዎ እስኪፈቅድ አይናፈጡ። ማስነጠስ ከመጣ አፍዎን ከፍተው ያስነጥሱ። ሁለት ትራስ ደርበው ይተኙ። ልጅ አያንሡ፣ ጀሪካን አይሸከሙ። ጎንበስ የሚያሰኝ ነገር ሁሉ ይቅር፤ ስግደትም ጭምር። ሙስሊም ታካሚዎቼም ቁጭ ብለው ይሰግዳሉ። ምጣዱ ፊት አይቁሙ፤ ሙቀቱም ጭሱም ያስደማል። ጠያቂ ይመጣል፣ ቡና ይፈላል፣ ዕጣን ይጨሳል። ቡናውን ቀዝቀዝ ሲል ይጠጡት፤ ዕጣኑን ግን ለሌላ ጊዜ ያቆዩት። ከአረብ አገር ወይም ከአሜሪካ ለዚሁ ብለው የሚመጡ አሉ፤ የመመለሻውን ትኬት ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በኋላ ይቁረጡ።

እጥበቱን ሐኪምዎ ባዘዘዎት ቀን ይጀምሩ፤ አያስቀሩት። ከፋርማሲ የሚገዛ ኖርማል ሳላይንና መርፌው የወለቀ ባለ 20 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ይበቃል። ቤት ካዘጋጁ ሩብ ሊትር ውኃ ላይ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ነው፤ አዮዲን የሌለበት ቢገኝ ይመረጣል። ውኃው መፍላት አለበት። እንደ አዲስ አበባ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ውኃ ቶሎ ስለሚንተከተክ፣ ከፈላ በኋላ ሦስት ደቂቃ ያቆዩትና ለብ ሲል ይጠቀሙበት። ቀጥታ ከቧንቧ የተቀዳ ውኃ ወደ አፍንጫ አይገባም። አልፎ አልፎ ውኃ ውስጥ የሚገኝ፣ ሲጠጡት የማይጎዳ፣ በአፍንጫ ሲገባ ግን አንጎል ድረስ የሚሄድ አሜባ አለ። በሳምንቱ ገደማ ክሊኒክ ተመልሰው ቅርፊቱ በካሜራ ይጸዳል። ያንን ቀጠሮ እንዳይቀሩ፤ ካልጸዳ ግድግዳው እርስ በርሱ ይጣበቃል።

ሽታዎ ይመለሳል ወይ? ዋስትና አልሰጥዎትም። ብዙ ሰው ላይ ይመለሳል፣ አንዳንዱ ላይ በከፊል፣ አንዳንዱ ላይ መጥቶ ጉንፋን ሲይዝ ይሄዳል። አንድ ታካሚዬ በሦስተኛ ሳምንቱ በደስታ ደወለልኝ። መጀመሪያ የሸተተው የገዛ ካልሲው ነበር። ሽታው እስኪመለስ ድረስ ቤትዎ ጋዝ የሚጠቀሙ ከሆነ ማጥፊያውን ሁልጊዜ በእጅዎ ያረጋግጡ።

አደጋውንም ልንገርዎት። ዓይን ዙሪያ መጥቆር፣ መጠነኛ መድማት፣ ኢንፌክሽን ያጋጥማል፤ ያልፋል። ዓይን ላይ የሚደርስ ከባድ ጉዳት ወይም የአንጎል ፈሳሽ ማፍሰስ ከመቶ አንድ አይሞላም። ቢሆንም ምልክቱን ይወቁ። ጎንበስ ሲሉ በአንድ ወገን እንደ ውኃ የጠራ፣ ጨው ጨው የሚል ነገር ጠብ ጠብ ካለ፤ እይታ ከደበዘዘ ወይም ሁለት ሁለት ካሳየ፤ ዓይን ካበጠ፤ ትኩሳትና ከባድ ራስ ምታት ከአንገት መገተር ጋር ከመጣ፤ ወይም ደሙ ወደፊት ጎንበስ ብለው አፍንጫዎን ለ15 ደቂቃ ይዘውም ካልቆመ፣ እስኪነጋ አይጠብቁ።

ውጭ አገር ያሉ ዘመዶችዎ “መርፌ አለ” ብለውዎት ሊሆን ይችላል። አለ። ዱፒሉማብ የሚባለው በሰኔ 2019 በፈረንጆቹ አሜሪካ ውስጥ ለፖሊፕ ተፈቅዷል፤ በየሁለት ሳምንቱ ከቆዳ ሥር ይወጋል። አስምም ላለበት ሰው ድርብ ጥቅም አለው። ነገር ግን በጣም ውድ ነው፣ ሲያቆሙት ደግሞ በሽታው ሊመለስ ይችላል። ኢንሹራንሱ የሚሸፍንላቸው አሜሪካና አውሮፓ ያሉት ሐኪማቸውን ይጠይቁ። ለእርስዎ ግን ዛሬ ባለው ሁኔታ ቀዶ ጥገናው ይቀድማል።

ወደ ሐኪምዎ ሲመለሱ ሳይነሶቹ በሙሉ ይከፈቱ ወይስ የሚታየው ብቻ ይውጣ እንደሆነ ይጠይቁት። የነገረዎት ዋጋ ፓቶሎጂውንና የክትትል ጽዳቱን ይጨምር እንደሆነም እንዲሁ። የሲቲውን ፊልም ወይም ሲዲ አይርሱ። በኦፕራሲዮኑ ዕለት ጠዋት ምግብና መጠጥ የሚከለከሉበትን ሰዓት ሆስፒታሉ ይነግርዎታል። የአስም ፓፍዎ ግን አይከለከልም፤ ወስደው ይምጡ፣ ጠርሙሱንም ቦርሳዎ ውስጥ ይያዙት።